ትል የሌለው መስክ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለገበሬዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለግብርና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አፈር ትል ላወራ ነው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ ለምጄዋለሁ። «ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ብታወራን አይሻልም ወይ?» የሚልም አይጠፋም። እኔም የማወራው ስለ እሱው ነው። ስለ ሣርም፣ ስለ ወተትም ነው። ብቻ የምጀምረው ከታች ነው።

እስቲ አስቡት። ሐምሌ ላይ በረቱ አጠገብ አንድ ዶማ ብትቆፍሩ ትል አይጠፋም። ጓሮ ጎመን ሥርም አለ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር ያለውን አፈር ብትጭሩት እዚያም አለ። የወል ግጦሹ መሃል ሄዳችሁ ቆፍሩ። ብዙ ቦታ ዶማው ራሱ ነጥሮ ይመለሳል። አፈሩ ተሰብሮ ቢወጣም ትል የለበትም፣ ወይም አንድ ቀጭን ነገር ትገኝ ይሆናል። ዝናቡ ያው ነው። አፈሩም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። የተለያየው እኛ በየቦታው የምናደርገው ነገር ነው። ለአንዱ እንሰጣለን፣ ከሌላው እንወስዳለን። የዛሬው ወሬዬ ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

መጀመሪያ ከፍጥረቷ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ትሏ ሳንባ የላትም። የምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ከደረቀ ታፍና ትሞታለች። ዓይን የላትም፣ ብርሃን ግን ይሰማታልና ትሸሻለች። ስለዚህ እርጥበት፣ ጥላና የሚበላ ነገር ያለበትን ቦታ ትመርጣለች። በጋ ሲከር ወደ ታች ወርዳ፣ ተጠቅልላ ተኝታ ዝናብ የምትጠብቅም አለች። ወንድም ሴትም ናት። የሁለቱንም አካል ይዛ ትፈጠራለች፣ ለመራባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ትል ያስፈልጋታል። «ለሁለት ከቆረጥካት ሁለት ትሆናለች» የሚባለው ውሸት ነው። ጅራቷ ቢቆረጥ የምታገግም ትኖራለች። ሁለት የምትሆን ግን የለችም።

ሁሉም አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። ላይ ላዩን፣ በበሰበሰ ቅጠልና በእበት ውስጥ የሚኖሩ አሉ። ቀላ ያሉና ትንንሽ ናቸው። ሥር ባለበት አፈር ውስጥ ወደ ጎን እየቆፈሩ አፈሩን ራሱን የሚበሉ አሉ። እነዚህ ገርጣ ይላሉ። ቀጥ ያለ ጉድጓድ ወደ ታች የሚቆፍሩ፣ ማታ ብቅ ብለው ደረቅ ሣርና ቅጠል ጎትተው የሚያስገቡ ትላልቆችም አሉ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ትል በሣር መስክ ላይ የምትሠራውን በደንብ ካዩት ሰዎች አንዱ ቻርለስ ዳርዊን ነው። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በጻፈው ነው የምናውቀው። ግን ገና በ1837 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ስለ ትል ንግግር አድርጓል። በ1881፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ስለዚሁ ጉዳይ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ቤቱ አጠገብ ባለ አንድ የሣር መስክ ላይ የጠመኔ ድንጋይ ስብርባሪ ተበትኖ ነበር። ከ29 ዓመት በኋላ መስኩ ሲቆፈር ነጩ ስብርባሪ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ገብቶ ተገኘ። ማንም አልቀበረውም። ትሎቹ ከሥር አፈር እየበሉ ላይ ላይ ሲያራግፉ ነው የተቀበረው። ሰው መሬቱን ዞር ብሎ ሳያየው፣ ማረሻ ሳይነካው፣ አፈሩ ተገላብጧል።

ትሏ የምትጥለው ኩስ ከዙሪያው አፈር ይልቅ ሥር ሊወስደው የሚችል የበለጠ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ አለው። እንክብል እንክብል ስለሚል ዝናብ ሲመታው ቶሎ አይፈርስም። ጉድጓዶቿ ደግሞ ውሃ ያስገባሉ። ይህ ለእኛ ቀልድ አይደለም። ጮቄ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ወይ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ወይ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ሦስተኛ መንገድ የለውም። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱስ ይሁን። የያዘው አፈራችንን ነው።

ቁጥር ለሚወዱ ልንገራችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የብዙ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ያደረገ ጥናት አለ። ትል ባለበት አፈር የሰብል ምርት በአማካይ 25 በመቶ ይበልጣል ይላል። ምክንያቱ በዋናነት በቅጠልና በፍግ ውስጥ የታሰረውን ናይትሮጂን ስለምትፈታው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ዩሪያ በሚደረግበት መሬት ጥቅሟ ይደበዝዛል፣ ናይትሮጂኑ ከሌላ ቦታ መጥቷልና። በ2023 የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ ከዓለም የእህል ምርት 6.5 በመቶው የትል ድርሻ ነው ብሎ ገምቷል። ከሰሃራ በታች ላለችው አፍሪካ ግምቱ 10 በመቶ ገደማ ነው። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፦ ማዳበሪያ እንደልቡ መግዛት የማይችል ገበሬ ከባለጸጋው ገበሬ ይልቅ ትል ያስፈልገዋል። ትል ሲጠፋበትም ከባለጸጋው ይልቅ ይጎዳል።

ይህ የእርሻ መሬት ሒሳብ ነው። ለሣር ደግሞ ኒውዚላንድን እዩ። ሰፋሪዎች ጫካውን መንጥረው የአውሮፓ ሣር ዘሩ። የአገሬው ትል ከአዲሱ መስክ ጋር አልተስማማም። ትል ባልደረሰበት መስክ የሞተ ሣር ሳይበሰብስ ላይ ላይ እየተነጠፈ ቀረ። ከአውሮፓ የመጣው ትል በደረሰበት ቦታ ምንጣፉ ጠፋ፣ ሣሩም በረከተ። በኋላ ገበሬዎቹ ትል ካለበት መስክ ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጡ ወደሌለበት ያጓጉዙ ጀመር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጎጃም ውስጥ የግጦሽ ትልን የሚያጠፋው ምንድን ነው?

በእኔ ግምት የመጀመሪያው ረሃብ ነው። ትል ከምን ትብላ? ሣሩን ከብት ይግጠዋል፣ እስከ ሥሩ። ቢያንስ ከብቱ የበላውን እበት አድርጎ ይመልስ ነበር። እበቱ መስኩ ላይ ቢቀር ላይ ላዩን የሚኖሩት ትሎች ሥሩ ይሰበሰባሉ፣ ጥንዚዛውም ይመጣል፣ ቀስ በቀስ ወደ አፈር ይገባል። እኛ ጋ ግን በጋ ሲገባ ኩበት ለቀማ አለ። የደረቀው ሁሉ ተለቅሞ ወደ ቤት ይሄዳል። የሚተርፈው ገበያ ይወጣል። ኩበት ሲነድ ካርቦኑና ናይትሮጂኑ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። አመዱ ውስጥ ፎስፈረስ፣ ፖታሺየምና ካልሲየም ይቀራል። እሱንም ደጅ ጉድፍ ላይ እንደፋዋለን። እንግዲህ ከመስኩ ሁለቴ ወሰድን፣ አንዴም አልመለስንም። መሬቱ ቢያረጅ ምን ይገርማል? «አገር ሲያረጅ መጭ ያበቅላል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

«ኩበት አትልቀሙ» ብዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም። በምን ይጋገር? ደግሞም ኩበት የሚለቅሙት፣ እሳቱ ፊት የሚቀመጡት እናቶችና ልጆች ናቸው። ይህን ስብሰባ የሞላነው አብዛኞቻችን ወንዶች ነን። እኛ እዚህ ተስማምተን የምንለውጠው ነገር የለም። ማገዶው ሲቀየር ብቻ ነው ኩበቱ መስክ ላይ የሚቀረው። እዚህ ላይ የአፈር ባለሙያ ጓደኞቼን የሚያናድድ ነገር ልናገር። ባሕር ዛፍን ስናወግዝ ኖረናል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም፣ እውነት ነው። ግን ደጁ ላይ ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ኩበት የሚያነደው ያነሰ ነው። የአዊ ገበሬ አሲዳማ በሆነው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ተክሎ ከሰል ሲያከስልም ሒሳቡን አውቆ ነው። ባሕር ዛፉን የእርሻ ማሳ ውስጥ አትትከሉት፣ የማይታረስ ዳገት ላይ ግን ይኑር። የተሻሻለ ምድጃም ይረዳል። ባዮጋዝ ያለው ቤት ደግሞ በእበቱ ያበስላል፣ ዝቃጩንም ወደ መሬት ይመልሳል። ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው፣ ግን ውሃና በቂ ከብት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ልቅ ግጦሽ ስናወራ ሁልጊዜ የከብት ብዛት ይነሣል። ስለ ወቅቱ የሚያወራ ትንሽ ነው። ክረምት ሲገባ ማሳው ሁሉ ይዘራል። ከብቱ ከማሳ ይባረራል። የት ይሂድ? ያችው የተረፈችው ሜዳ ላይ፣ ረግረጉ ዳር፣ ወንዙ ዳር ይታጎራል። ሜዳዋ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የምትረጥበው ያን ጊዜ ነው። እርጥብ አፈር በሰኮና ሲረገጥ በውስጡ ያለው ቀዳዳ ይደፈናል። አየር አይገባም፣ ውሃ አይወርድም፣ ሥርም ላይ ላዩን ይቀራል። በጋ ላይ ያ መሬት እንደ አውድማ ይደርቃል። ቢቸና፣ ደጀን፣ ጥቁር አፈር ያለበት አገር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ትሏ የምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው ብዬ አልነበር? አየር በሌለበት አፈር ውስጥ እንዴት ትኑር? ለዘመን መለወጫ የሚነቀለው የእንግጫ ሣር እንደ ድሮው በቅርብ አይገኝም የሚሉ እናቶች ሰምቻለሁ። ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ልጃገረዶች ለነቀላ ራቅ ብለው ይሄዳሉ አሉ። እንግጫ እርጥብ ሜዳ ይወዳል። ሜዳው ሲረገጥና ሲሸረሸር አብሮ ይሄዳል።

ስለ አሲድ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ የእኛ ትልቅ ችግር ነውና። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስተድ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ በ1856 እ.ኤ.አ. አንድ የሣር መስክ ከፋፍለው የተለያየ ማዳበሪያ ይሰጡት ጀመር። ሙከራው እስከ ዛሬ አልቆመም። አሞኒየም ሰልፌት በየዓመቱ የተሰጣቸው ክፍሎች ቀስ በቀስ አሲዳማ ሆኑ፣ የአንዳንዱ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4 በታች ወረደ። ትሎቹ ጠፉ። የሞተው ሣር ሳይበሰብስ ላይ ላይ ተነጠፈ፣ ልክ ኒውዚላንድ እንደነበረው። ከ1903 ጀምሮ የአብዛኛው ክፍል ግማሽ አሲድ የሚቀንስ ኖራ ይሰጠው ጀመር። ኖራ ባገኘው በኩል ያ ምንጣፍ የለም። ድንበሩ ላይ ቆማችሁ ወዲህና ወዲያ ብታዩ አንድ መስክ አትሉትም።

እኛ አሞኒየም ሰልፌትን ብቻውን ብዙም አንጠቀምም፣ ዩሪያም አፈሩን የዚያን ያህል አሲዳማ አያደርግም። ግን የሚያደርገው ነገር አለ። በዚያ ላይ የአዊ፣ የሰከላ፣ የቡሬ ዝናብ ካልሲየሙን ለዘመናት ሲያጥብ ኖሯል። እኛ ደግሞ እህሉንም ገለባውንም ወስደናል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ገብስና ስንዴ ይቸገራሉ። ትልም አብዛኛዋ አትወደውም። ኖራ ለስንዴው እንኳ ሳይደርስ ለግጦሽ እንበትን ብል ትስቁብኛላችሁ። ግን አመዱስ? አመድ አሲድ ይቀንሳል። ጉድፍ ላይ ከምትደፉት ስስ አድርጋችሁ መስኩ ላይ ብትኑት። አንድ ቦታ አትከምሩት፣ ሣሩን ያቃጥለዋል።

ሜዳ ማረስም አለ። መሬት የሌለው ወጣት እየበዛ ሲሄድ የወል ግጦሹ እየተሸነሸነ ይሰጣል። ወጣቱ ምን ያድርግ? እኔ አልፈርድበትም። ጮቄ ላይም ገብሱና ድንቹ ሽቅብ እየወጣ ጓሳ ሣሩ ጋ ደርሷል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምርቱ ያምራል። መሬቱ ለዘመናት ያጠራቀመውን ነው የሚያወጣው። ከዚያ ይወርዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ40 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያየ ሥራ አለ። ሳይታረስ በሚዘራ መሬት ላይ ያለው ትል በተለመደው መንገድ ከታረሰው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ማረሻችን እንደ ትራክተር አፈር አይገለብጥም፣ ጥልቀቱም ትንሽ ነው፣ ይህ ደግ ነው። ለጤፍ ግን ደጋግመን እናርሳለን። ትሏ ፀሐይ ላይ ትወጣለች፣ ወፉም ከበሬው ኋላ ይከተላል።

ከባዱ ትሏን መመለሱ ነው። ሆላንድ አገር ከባሕር በተነጠቀ አዲስ መስክ ላይ ትል ለቀው ስርጭቷን ተከታትለዋል። በዓመት የምትሄደው ወደ 10 ሜትር ቢሆን ነው። በጥልቀት የምትቆፍረው ትልቋ ከዚያም ታንሳለች። ስለዚህ ሜዳ ስትሸነሽኑ ሁሉንም አትጨርሱት። ጥግ ጥጉን፣ ድንበሩን፣ የእርከኑን ሣር ተዉት። መመለሻዋ ከዚያ ነው።

ስለ መድኃኒት ባጭሩ። ካርቦፉራን የሚባለው ፀረ ተባይ ትልን ይገድላል። ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ወደ እበቱ ይወርድና እበት የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ይጎዳል። ከብታችሁን አታክሙ አልልም። ሳይታመም አትውጉት ነው የምለው።

አሁን ደግሞ ባለሙያዎቹን ልንካ። መፍትሔው «ልቅ ግጦሽ ይቁም፣ አጭዶ መመገብ ይልመድ» ነው ትላላችሁ። ደሾ ሣር አስተክላችኋል፣ የተከለለው ኮረብታ አገግሟል፣ ቦረቦሩም ቆሟል። አደንቃለሁ። ግን ሒሳቡን እንየው። ሣሩ ታጭዶ ቤት ገባ። ከብቱ ቤት በላ። እበቱ ቤት ቀረ። ከቤት ወዴት ሄደ? ወደ ምድጃ ከሄደ፣ ወይም ጓሮ ብቻ ከቀረ፣ መስኩ በሰኮና ፈንታ በማጭድ ተዘረፈ ማለት ነው። ኮቴው ስለቀረ አፈሩ ይላላል፣ ይህ ትርፍ ነው። ምግቡ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ለታጨደው ጥቂት ሸክም ፍግ የሚመልስ ደንብ ከሌለ ክለላው ግማሽ ሥራ ነው። የመጨረሻውን አጨዳ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማጨድም ይረዳል፣ ቅሪቱ ለትሏ ጥላም ምግብም ነው።

ሌላው ቨርሚኮምፖስት፣ ማለትም በትል የሚዘጋጅ ኮምፖስት ነው። ኮምፖስቱ ጥሩ ነው፣ አዘጋጁት። ግን «ትሉን ገዝቼ መስኬ ላይ ልልቀቅ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አትልቀቁ። ለኮምፖስት የምትሸጠው ያቺ ቀይ ትል መጀመሪያ ካልኳችሁ ከላዩ ነዋሪዎች ናት። የምትኖረው በፍግና በብስባሽ ውስጥ ነው። ደረቅ ሜዳ ላይ ብትጥሏት ትሞታለች፣ ገንዘባችሁም አብሯት። ሜዳችሁ የአገሩ ትል አለው። የሚፈልገው ምግብና እረፍት ነው።

መለኪያው ደግሞ ነፃ ነው። ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ወርዱም ርዝመቱም ጥልቀቱም 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አፈር አውጡ። ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ፈርፍሩትና ቁጠሩ። ያገኛችሁትን በ25 ብታባዙት የአንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። በጥሩ የሣር መስክ በካሬ ሜትር ብዙ መቶ ሊገኝ ይችላል፣ ግን ከሰው አገር ቁጥር ጋር አትፎካከሩ። ሜዳችሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጋር አነጻጽሩ። ብዙ ቦታ ቆፍሩ፣ አንድ ጉድጓድ ይዋሻል። ስትጨርሱ ትሎቹን መልሳችሁ አፈር አልብሷቸው።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ነበር። አንድ ተማሪ «ዝናብ ሲጥል ለምን ይወጣሉ? ውሃው አፍኗቸው ነው?» አለ። ሁልጊዜ አይደለም። ብዙዎቹ በውሃ ውስጥ አየር ካለ ለቀናት ይቆያሉ። መሬቱ ሲረጥብ ቆዳቸው ሳይደርቅ ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ ይችላሉና ያን ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ግምት ይበልጥ ያስኬዳል።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ተነሡ። «ልጄ፣ ዞሮ ዞሮ ከብት ሽጡ ነው የምትለን?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። «አይደለም አባቴ» አልኩ። «ቢቀንስ ደግ ነው፣ ግን በእሱ አልጀምርም። ሜዳችሁን ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ከሰኔ እስከ መስከረም ከብት አይርገጠው። ድርቆሽ ይታጨድበት፣ ፍግ ይመለስለት። በሚቀጥለው ዓመት ተራውን ለሌላው ስጡ።»

«ከብቱ የታጎረበትስ ሜዳ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ግማሹን ስትከልሉት የቀረው ይብስበታል። ድርቆሽና ገለባ ለክረምት ያላስቀረ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ገለባው ሳይባክን ነው። በሬና ላሙን ጠዋት ቤት አብልቶ ማሰማራት፣ ዝናቡ የጠና ቀን አለማሰማራት። ትንሽ ቦታ ወስዳችሁ ሞክሩት። አንድ ክረምት ትሉን ላያበዛው ይችላል፣ ሣሩን ግን ታዩታላችሁ። ትሉን በሦስተኛው ዓመት ቁጠሩት። ለውጥ ከሌለ ጥሩኝ፣ መጥቼ አብረን እንቆፍራለን።